የጎማ ልክ ሲቀየር የኪሎ ሜትሩም ሂሳብ ይቀየራል

ለጋምቤላ መንገድ የሚሆን ፒክአፕ ለመግዛት፣ ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የተነሳ ሰው በቅድሚያ የሚያየው ሞተሩን፣ ሻንሲውንና ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። ጎማውን የሚያየው ጥርሱ ማለቅ አለማለቁን ለማወቅ ብቻ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የቆጣሪውን እውነተኛነት፣ የነዳጁን ወጪና የፍሬኑን አቅም የሚነካ በመሆኑ ከዋጋ ድርድር በፊት ሊነበብ ይገባዋል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በበርካታ ቶዮታ ሃይሉክሶች ላይ የሚገኘውን 265/65 አር 17 እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ይኸውም 172 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አር ጎማው ራዲያል መሆኑን ሲያመለክት፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የላይና የታች ጎኑ ከቸርኬው ጋር ሲደመር ሙሉ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ባለቤቱ መኪናው ከፍ እንዲልለት 285/70 አር 17 ቢያስገጥም ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መኪናው ከመሬት የሚነሳው በልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም በ27 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር የሚሄደው ርቀት ግን በ7 ከመቶ ይጨምራል። ቆጣሪው የሚያውቀው ዙሩን እንጂ የጎማውን ቁመት አይደለምና ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል።

በገንዘብ ሲታሰብ

ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በትልቁ ጎማ የሄደው መኪና ቆጣሪ የሚመዘግበው 720 ያህል ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር የሚከፈል ውል የገባ አከራይ ከየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 66 ያህሉን በነጻ ነዳ ማለት ነው። ዘይት በየ5,000 የሚቀይር ሾፌር በእውነቱ የሚቀይረው በ5,350 ነው። ቆጣሪው 100,000 የሚያሳይ ያገለገለ መኪና ጎማው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቀይሮ ከነበረ 107,000 ሄዷል። ከፋብሪካው ልክ ያነሰ ጎማ ያሰረ መኪና ደግሞ በተቃራኒው ያልሄደውን ይቆጥራል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ መለኪያው 80 ሲል መኪናው 86 ገደማ ላይ ይሆናል።

ነዳጅ በሊትርና በኪሎ ሜትር የሚያሰላ ባለንብረት ሾፌሩን ከመጠርጠሩ በፊት ይህን ማረም አለበት። ይሁንና የከባድ ጎማ ተጨማሪ ፍጆታ የሂሳብ ስህተት ብቻ አይደለም። ትልቁ ጎማ መንገዱን የሚገፋበት ኃይል በ6.5 ከመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ሾፌሩ ማርሽ ማውረድና ነዳጅ መርገጥ ያበዛል። ክብደቱም በኩሽኔታና በመሪ መገጣጠሚያዎች ላይ ጫና ይፈጥራል።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

የጋምቤላ መንገድ ዋናው ፈተና ከጎሬ በቡሬ በኩል የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ጭነት የያዘ መኪና 1,500 ሜትር ያህል ሲወርድ ጎማው በጨመረው ቁመት ልክ ፍሬኑ የበለጠ መያዝ ይኖርበታል። በማርሽ የሚገኘው የሞተር መያዝም ይቀንሳል። ፍሬኑ ሳይጠናከር ጎማውን ብቻ ማሳደግ በሜዳ የማይታወቅና በቁልቁለት የሚከፈል ዕዳ ነው።

ሰፊ ወይስ ጠባብ?

በክረምት ወደ ኢታንግ በሚወስደው ዓይነት የባሮ ዳርቻ ጥቁር አፈር ላይ ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ አይረዳም። ጭቃው ስስ ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ ጠባቡ ጎማ ቆርጦ ይይዛል፤ የላንድክሩዘር 70 ባለ 7.50-16 ጎማ ለዚህ ይመቻል። ሰፊው የሚጠቅመው በአሸዋና መሬቱ በማይገኝበት ጥልቅ ጭቃ ላይ ነው። የፊትና የኋላ ጎማቸው ልዩ ልዩ ልክ የሆኑ መኪኖች በአራቱም ጎማ እንዲነዱ ሲደረግ ኃይል አከፋፋዩ ማርሽ ይጎዳል። ስለዚህ መጠባበቂያው ጭምር አንድ ልክ ሊሆን ይገባል።

ቸርኬ አሳድጎ ጎማ ማሳጠርም አለ። በ195/65 አር 15 ምትክ 225/45 አር 17 ያሰረች ኮሮላ ቁመቷ ስለማይቀየር ቆጣሪዋ አይሳሳትም። ነገር ግን የጎማው ጎን ከ127 ወደ 101 ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር ጉድጓድ ሲመታት የሚጣመመው ቸርኬው ነው። ለአስፋልት ያምራል፤ ለኮረኮንች አይመከርም።

ነፋስና ዕድሜ

አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ ጋምቤላ ሲደርስ ሙቀቱ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከ1,800 ሜትር በላይ መውረዱ ደግሞ መለኪያው ላይ የሚነበበውን ይቀንሳል። ሁለቱ ስለሚጣጣሉ በግምት መሙላትና ማስተንፈስ አይበጅም። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ መለካት ይሻላል።

ጎማ ሻጩም ሆነ ገዢው የምርት ጊዜውን ማየት አለባቸው። በጎኑ ላይ 2319 የሚል ቁጥር ካለ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። በሞቃት መጋዘን የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ያረጃል። ከልኩ ቀጥሎ ያለው 112ን የመሰለ ቁጥርም የሚሸከመውን ይናገራል፤ 112 ማለት በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ነው።

በጥቅሉ ገዢ የፋብሪካውን ልክ በሾፌሩ በር አካባቢ ካለው ጽሑፍ ወይም ከመመሪያው አንብቦ ከታሰረው ጋር ያስተያይ። ልዩነት ካለ የቆጣሪውን ቁጥር በልዩነቱ አርሞ ዋጋውን ይነጋገር። አከራይም በኪሎ ሜትር የሚከፈል ውል ከመፈረሙ በፊት የጎማውን ልክ በውሉ ላይ ያስጽፍ።