በጎርጎራ ስላለው የጥንት ግንብ ፍርስራሽ

ቤት ሲፈርስ ጣሪያው ቀድሞ ይጠፋል፤ መሠረቱ ግን ብዙ ዘመን ይቆያል። ስለዚህ የጥንትን ነገር የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ምድሩን መመልከት ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር ከ1066 ዓ.ም. በኋላ (ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ ነው) የኖርማን መኳንንት ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቈፍረው፥ አፈሩን ወደ መካከል ከምረው ጉብታ ያደርጉ ነበር። በጉብታው ራስ ላይ የእንጨት ማማ፥ በግርጌው በአጥር የታጠረ ግቢ ይሠሩ ነበር። እንጨቱ በስብሶ ጠፋ፤ ጉብታውና ቦዩ ግን በብዙ ስፍራ ዛሬም ይታያሉ።

በእኛ አገር አፈር መከመር እምብዛም አላስፈለገም፤ አምባውን ተፈጥሮ ሰጥቶናልና። በጎርጎራ ደግሞ የአምባውን ፈንታ የያዘው የጣና ውሃ ነው። ማርያም ግንብ የተባለው ፍርስራሽ ያለው ወደ ሐይቁ ገባ ባለ ምድር ላይ ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ዓ.ም. ነገሡ። በዘመናቸው የኖራን ድንጋይ አቃጥሎ፥ ከአሸዋ ጋር ለውሶ ግንብ መሥራት በደንቢያ ተስፋፋ። የእስፓኙ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በጎርጎራ ለንጉሡ የድንጋይ ቤት አሠራ፤ በ1622 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ብዙ ሰዎች የማርያም ግንብን ቤተ ክርስቲያን የእርሱ ሥራ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን የተሠራው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1632 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ከዚያም በኋላ ኢየሱሳውያን ከአገር ወጡ። የኖራው ጥበብ ግን አብሯቸው አልወጣም፤ ጎንደር በእርሱ ታነጸች።

አስተማሪ ሆይ፥ ተማሪዎችህን ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ስትወስድ ካብንና ግንብን መለየት አስተምራቸው። በድንጋዮቹ መካከል ነጭ ኖራ ካለ ግንብ ነው፤ ከሌለ ካብ ነው። የግድግዳውን ርዝመት በገመድ ለክተው በወረቀት ይሣሉት። የወደቀውን ድንጋይ ግን ማንም አያንሣ። ከግድግዳው ሥር እንደ ወደቀ የተኛ ድንጋይ ግድግዳው ወደ የት እንደ ተናደ ይናገራል፤ ለጎተራ ማቆሚያ ከተወሰደ በኋላ ግን ከሌላ ድንጋይ አይለይም። ከ2006 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በአዘዞ፥ በደንቀዝና በጎርጎራ የመረመሩት የእስፓኝ ሊቃውንት የሕንፃዎቹን ቅርጽ ለማወቅ የቻሉት መሠረቱ ከስፍራው ስላልተነቀለ ነው።

እናንተም ሽማግሌዎች፥ የየማሳውንና የየጉብታውን ስም ለልጆቹ ንገሯቸው፤ እነርሱም ከሥዕሉ ላይ ይጻፉት።