ስለ ፍሎራይት ማዕድንና ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ
ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በስምጥ ሸለቆ ተወልዶ ላደገ ሰው የበለዘ ጥርስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና በሕፃንነቴ ነገሩ ጥርስን ካለማጽዳት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ኬሚስትሪ ከተማርሁ ወዲህ ግን ዋናው ምክንያት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎሪን የሚባለው ንጥረ ነገር መብዛቱ መሆኑን ተረዳሁ። ይኸው ፍሎሪን በሌላ ስፍራ ከምድር ተቆፍሮ የሚሸጥ ማዕድን ሆኖ ይገኛል። አንዱ ነገር በአንድ ስፍራ ሀብት፣ በሌላው ስፍራ ጉዳት የሆነበትን ምክንያት ለአንባቢያን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ማዕድኑ ፍሎራይት ይባላል። በክብደት ከመቶ 51 ያህሉ ካልሲየም፣ 49 ያህሉ ፍሎሪን ነው። መልኩ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ሊሆን ስለሚችል በቀለሙ ብቻ አይታወቅም። ይልቁንም ክሪስታሉ አብዛኛውን ጊዜ ኩብ ቅርጽ አለው፤ በቢላ ይጫራል፤ እርሱ ራሱ ግን የኖራ ድንጋይን ይጭራል። ስሙ «መፍሰስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ይኸውም በብረት ማቅለጫ እቶን ውስጥ ሲጨመር ቆሻሻው ቀልጦ በቀላሉ እንዲፈስ ስለሚያደርግ ነው። ከዚህም ሌላ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ ለአሉሚኒየም ሥራም ያገለግላል።

ለትምህርታችን የሚስማማው ምሳሌ በጎረቤታችን በኬንያ ያለው የከሪዮ ሸለቆ ነው። ይህ ሸለቆ አገራችንን የሚያቋርጠው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አካል ሲሆን፣ ፍሎራይት የተገኘበት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ነው። በኤልጌዮ ገደል ግርጌ እጅግ ጥንታዊ የሆኑ አለቶች አሉ፤ በመካከላቸውም እብነ በረድ ይገኛል። ምድር በተሰነጠቀች ጊዜ ፍሎሪን የያዘ ትኩስ ውሃ በስንጥቁ ወደ ላይ ወጣ። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና ፍሎሪኑ ካልሲየሙን ሲያገኝ ከእርሱ ጋር ተዋሐደ፤ እብነ በረዱም ቀስ በቀስ ወደ ፍሎራይት ተለወጠ።

ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ሲለወጥ 78 ግራም ፍሎራይት ይሰጣል። ፍሎራይት ደግሞ ከእብነ በረድ ይልቅ እፍግ ስለሆነ ቀድሞ 37 ኩብ ሴንቲሜትር ይዞ የነበረው ድንጋይ ወደ 24.5 ይወርዳል። ስለዚህ ከስፍራው ሲሶ ያህሉ ባዶ ይሆናል። በዚህ ባዶ ስፍራ ትኩሱ ውሃ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሄድ፣ በክፍተቱም ውስጥ ክሪስታሎች ሊያድጉ ይችላሉ።

ነገር ግን ማዕድን ተገኘ ማለት ሥራው ያዋጣል ማለት አይደለም። እብነ በረዱ ካለቀ ማዕድኑም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው ምድሩን በካርታ ይነድፋሉ፤ ቦይ ይቆፍራሉ፤ በመሰርሰሪያም ከጥልቁ ናሙና ያወጣሉ። ለአሲድ ሥራ የሚሸጥ ፍሎራይት ከመቶ 97 ያህል ንጹሕ መሆን ስላለበት ድንጋዩ ተፈጭቶ ከሌላው መለየት አለበት። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ እስከ ወደብ ማጓጓዣውም ይጨመርበታል። በከሪዮ ሸለቆ በ1970ዎቹ ዓመታት ቁፋሮ ተጀምሮ ለብዙ ዘመን ከተሠራ በኋላ በዓለም ገበያ ዋጋው በመውደቁ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ቆመ። ማዕድኑ ከምድር አልጠፋም፤ ያነሰው ዋጋው ነው።

አሁን ወደ አገራችን ውሃ እንመለስ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወለል የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አለትና አመድ ነው። ከዚህ አለት ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ፍሎሪን ይዞ ይወጣል፤ በሶዲየም የበለጸገ ሲሆን ካልሲየሙ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍሎሪኑ የሚይዘው አጥቶ ድንጋይ ሳይሆን በውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስና አጥንት በካልሲየም የተሠሩ ናቸውና ፍሎሪኑ ወደዚያ ያመራል። የሕፃናት ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ይጎዳል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትን ያደነድናል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል።

መፍትሔውም የሚገኘው ከዚያው ሕግ ነው። የከብት አጥንት በካልሲየም የተሠራ ስለሆነ በሚገባ ከሰል ሆኖ ሲዘጋጅ ውሃው በእርሱ ላይ ሲያልፍ ፍሎሪኑን ይይዛል። በኬንያም ሆነ በአገራችን በዚህ ዘዴ ተሠርቶበታል። ውሃን ማፍላት ግን ጀርምን ይገድል እንደሆነ እንጂ ፍሎሪንን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ፍሎሪን ይከማቻል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጥርሱ የበለዘውን ልጅ አጥራ ብላችሁ አትቆጡት፤ የሚጠጣውን ውሃ አስመርምሩ። እኛም ተማሪዎች የጂኦሎጂ ትምህርት ወርቅና ዕንቍ ለመፈለግ ብቻ የሚረዳ አይምሰለን። አዲስ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ጊዜ ከሥሩ ያለውን አለት ማወቅ የታናናሾቻችንን ጥርስና አጥንት ማዳን ነውና።