«ወላጅ አምጣ» ከማለታችን በፊት

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ለርዕሰ መምህራን ነው። ወላጆችም አንብቡትና ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት አድርሱልኝ።

አንዲት ሴት የወንድሟን ልጅ ይዛ መጣች። (ማንነቱ እንዳይታወቅ ታሪኩን ትንሽ ለውጬዋለሁ።) ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ ከገጠር መጥቶ ፍኖተ ሰላም እሷ ጋ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ምርመራው ግን ምንም አላሳየም። ቀስ እያልን ስናወራ ነገሩ ወጣ። ክፍል ውስጥ በር በኃይል ሲዘጋ ደንግጦ ዴስክ ስር ገባ። ልጆች ሳቁበት፤ እሱም አንዱን መታው። ከዚያ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። አባቱ በግጭቱ ሞቷል። «አባት የለኝም» ማለት ስለከበደው አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣል፣ ከትምህርት ቤቱ በር ይመለሳል።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪል ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህም በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። የተመለሱት ያዩትን ሁሉ ይዘው ነው የተመለሱት።

በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል የአደጋ ደወል አለ። ከባድ ነገር ባየ ልጅ ላይ ይህ ደወል በትንሹም በትልቁም ይጮኻል። ሲጮኽ ደግሞ የሚያስበውና ራሱን የሚገዛው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ይዳከማል። ስለዚህ «ባለጌ» ወይም «ፈዛዛ» የምንለው ልጅ የፈራ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ርዕሰ መምህር የአእምሮ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። በትምህርት ቤት እንዲህ ይሠራል፦

1. ከመቅጣት በፊት ለብቻው ጠርታችሁ «ምን ገጠመህ?» በሉት። «ወላጅ አምጣ» ሳይሆን «አብሮህ ከሚኖር ሰው ጋር ና» ይሻላል።
2. ያየውን እንዲተርክ አታስገድዱት። ከተናገረ አዳምጡት፤ ዝም ካለም ይሁን።
3. ዱላና ማንበርከክ ይቅር፤ ፍርሃትን በፍርሃት ማዳን አይቻልም።
4. ቀኑ የሚታወቅ ይሁን። የፕሮግራም ለውጥ ወይም ከፍተኛ ድምፅ ካለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።
5. መምህራንም ያዘኑ ሰዎች ናቸው፤ «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» በሏቸው።
6. ቅዠት፣ ሽንት ማምለጥ፣ ድንጋጤ ወይም ከሰው መሸሽ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወደ ጤና ተቋም ላኩት። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ብቻውንም አትተዉት።

አክስቱ ሄዳ ስትነግራቸው ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው «አላወቅኩም ነበር» አሏት። እውነታቸውን ነው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው። አሁን ልጁ በሩን እያየ የሚቀመጥበት ቦታ ተሰጥቶታል። የሆድ ሕመሙም እየቀነሰ ነው።

ለምታውቁት ርዕሰ መምህር ሼር አድርጉለት።