ባትሪው ነው ወይስ ሞተሪኖው? የድሮ ናፍጣ ትራክተር በብርድ አልነሳ ሲል

በፈረንጆቹ ጥር ወር በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል መንታ ከተሞች የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ሰሞን በከተሞቹ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች በረዶ ለመጥረግ የሚፈለግ አንድ አሮጌ ናፍጣ ትራክተር ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቱ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ትራክተሩ ግን ያንኑ ድምፅ ደግሞ ያሰማል። ገንዘቡ ወጣ፣ ችግሩም አልተፈታ። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ይህን ኪሳራ ማስቀረት ነው፤ ዕቃ ከመቀየር በፊት ኃይሉ የት እንደጠፋ በመለካት ማወቅ ይቻላልና።

መንታ ከተሞቹ ከትራክተር ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሦስት ኩባንያዎች ተዋሕደው የፈጠሩት ሚኒያፖሊስ-ሞሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በዋይት ሞተር ኩባንያ እስኪገዛ ድረስ፣ ከአሜሪካ የታወቁ ትራክተር አምራቾች አንዱ ነበር። ከዚህ የምንማረው ግን ለሚኒሶታ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ በአርሲና በባሌ ደጋ የስንዴ ማሳዎች በውርጭ ማለዳ ለሚነሳ ትራክተርም ሕጉ ያው ነው።

ብርዱ ምን ያደርጋል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ፍንጣሪ አይነሳም። በሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር በፒስተኑ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በዚህ ግለት ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ ካዞረ አየሩ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ብረት እያስረከበ፣ በቀለበቶቹም በኩል እያፈተለከ ይቀራል፤ ናፍጣውም አይቀጣጠልም። ስለዚህ ሞተሩ መዞሩ ብቻ ሳይሆን በበቂ ፍጥነት መዞሩም ወሳኝ ነው።

ብርድ ደግሞ በሁለት ወገን ያጠቃል። የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አንድ ጤናማ ባትሪ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ኃይል ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። በባትሪው ላይ የሚታተመው የብርድ ማስነሻ አምፔር የሚለካውም በዚሁ ሙቀት ነው። ቁጥሩ ባትሪው በዚያ ብርድ ለ30 ሰከንድ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ፣ ምን ያህል አምፔር እንደሚሰጥ ይናገራል።

መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ መለካት

ቁልፉን ሲያዞሩ መብራቱን አብርተው ይመልከቱ። መብራቱ ፈጽሞ ከደበዘዘ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ሞተሪኖው ተቆልፎ ብዙ ኃይል እየሳበ ነው። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው የሚያልፍበት መንገድ ተቋርጧል። ሞተሪኖው በፍጥነት ቢሽከረከርም ሞተሩ ካልዞረ፣ ትንሹ ጥርስ ቮላኖውን አልያዘም ማለት ነው።

ከዚያ ቴስተር ይያዙ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለ12 ቮልት ናቸው፤ ትራክተሩ በ6 ቮልት የሚሠራ ከሆነ በግማሽ ያንብቧቸው። አንዳንድ የድሮ ትራክተሮች ከአካላቸው ጋር የሚያገናኙት ፖዘቲቩን ስለሆነ፣ ገመድ ከመንካትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

1. ባትሪው ለሰዓታት ካረፈ በኋላ ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ወደ ግማሽ ገደማ፤ 12.0 ደግሞ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ካነሰ ቻርጅ አድርገው እንደገና ይለኩ።

2. ትራክተሩ እንዳይነሳ የናፍጣ ማቆሚያውን ስበው፣ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ የባትሪውን ቮልት ይለኩ። በ20 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ከ9.6 በታች ሊወርድ አይገባም። በብርድ ደህናው ባትሪም ከዚህ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከመፍረድዎ በፊት ባትሪውን ቤት አስገብተው ያሙቁት።

3. ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከደከመ፣ ጥርጣሬው ወደ ገመዶቹ ይዞራል። አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ትልቅ ብሎን ላይ አድርገው ሞተሪኖው ሲዞር ያንብቡ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው አካል ይለኩ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ኃይሉ በመንገድ እየጠፋ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን የኦም ሕግ ያስረዳል፤ የሚጠፋው ቮልት አምፔሩ በተቃውሞው ተባዝቶ የሚገኘው ነው። በዛገ መያዣ ላይ የተፈጠረው ተቃውሞ 0.005 ኦም ብቻ ቢሆንና ሞተሪኖው 400 አምፔር ቢስብ፣ 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ይህን ያህል ትንሽ ተቃውሞ ለመብራት ምንም አይደለም፤ ለሞተሪኖ ግን ከባድ ሸክም ነው። መብራቱ ደምቆ እየበራ ሞተሪኖው የሚለግምበት ምሥጢር ይህ ነው። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ አዲስ ባትሪ ሳይሆን የሽቦ ብሩሽ ነው፤ መያዣዎቹንና ገመዱ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እስኪያበሩ ማጽዳትና ማጥበቅ።

4. ገመዶቹ ደህና ከሆኑና ሙሉው ቮልት ሞተሪኖው ዘንድ እየደረሰ ካልዞረ፣ ያኔ ሞተሪኖው ይፈታ፤ ያለቀ ካርቦን ወይም የተቃጠለ የሶሌኖይድ መገናኛ ሊገኝ ይችላል። ትራክተሩ ከተነሳ በኋላም ዲናሞው ቻርጅ እያደረገ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በብዙዎቹ የ12 ቮልት ትራክተሮች ባትሪው ላይ ወደ 14 ቮልት ገደማ መነበብ አለበት።

ሕይወት የሚያስከፍሉ ስህተቶች

የሞተሪኖውን ብሎኖች በጠመንጃ መፍቻ አገናኝቶ መሬት ላይ ቆሞ ማስነሳት ፈጽሞ አይሞከርም። ማርሹ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ ወዲያው ይንቀሳቀስና በኋላ ጎማው ፊት የቆመውን ሰው ይደፈጥጣል፤ በዚህ መንገድ የሞቱ ገበሬዎች አሉ። ትራክተር የሚነሳው ከመቀመጫው ላይ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ ነው። ሞተሪኖው በሚፈተሽበት ጊዜም አንድ ሰው መቀመጫው ላይ ይሁን።

ያለቀ ባትሪ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ሊበረድ ይችላል፤ ሙሉው ግን እጅግ ከባድ ብርድ ይቋቋማል። የበረደ ወይም ያበጠ ባትሪ ቻርጅ ቢደረግ ሊፈነዳ ይችላል። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሲጋራም ፍንጣሪም አይቅረበው። የማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ኢተር መርጨት ሞተሩን ሊሰብር፣ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የበረዶ ማለዳ ትራክተሩ «ቀጭ» ሲል ወደ መደብር ከመሮጥ በፊት ቴስተሩ ይውጣ። የአሥር ደቂቃ ልኬት የአንድ ባትሪ ዋጋ ሊያድን ይችላል።