ራሱን የሳለው ሠዓሊ

በማታ ትምህርት ላይ አንድ ሥዕል ከመጽሐፍ አውጥተን ለጎልማሶች አሳየን። ሥዕሉ የአንድ ሽማግሌ ነው። ነጭ ቆብ አድርጓል። ጉንጩ ረግቧል፤ ግንባሩ ተሸብሽቧል። የቀለም ገበታና ብሩሽ ይዟል። እኛ ወጣቶች ስለሆንን እርጅናውን ብቻ አየን። አንድ አባት ግን አተኩረው ተመለከቱና «ይህ ሰው ብዙ አይቷል» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ሰውየው ሬምብራንት ይባላል። ሥዕሉን የሳለውም ራሱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1606 ሆላንድ አገር፣ ላይደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር።

ሰው የራሱን ፊት እንዴት ይስላል? መስተዋት ያቆማል። መስተዋቱን አየት፣ ሸራውን ቀባ እያደረገ ይሠራል። ሬምብራንት እንዲህ እያለ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው 40 ያህል ጊዜ ራሱን በዘይት ቀለም ስሏል።

የዘይት ቀለም ምንድን ነው? ቀለም ያለው አፈር ይደቅና በተልባ ዘይት ይለወሳል። ተልባ እኛ የምናውቀው ተልባ ነው። ዘይቱ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ ሠዓሊው ያልወደደውን ይጠርጋል፤ ሲደርቅም በላዩ ይደርባል። የፊት መሸብሸብ ጎልቶ የሚታየው ቀለሙ ወፈር ብሎ ስለሚደረብ ነው።

ሬምብራንት ዝናና ገንዘብ አግኝቶ ነበር። በ1639 አምስተርዳም ከተማ ትልቅ ቤት ገዛ። ኋላ ግን ዕዳው በዛበት። በ1656 መክፈል አቃተው። ዕቃውም ቤቱም ተሸጠ። ያሳየናችሁን ሥዕል የሳለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1665 ገደማ ነው። በ1669 ሞተ። ሥዕሉ ዛሬ ሎንዶን ከተማ ይገኛል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ብሩሹ በእጁ ነበር። ራሱን ወጣት ወይም ሀብታም አድርጎ መሳል ይችል ነበር፤ የሚከለክለው የለም። እሱ ግን መስተዋቱ ያሳየውን ሳለ። ቤቱ ተሸጠ፤ ሙያው ግን አብሮት ቀረ። ሽማግሌው ብሩሹን ይዞ ቀና ብሎ የሚያየን ለዚህ ይመስለናል።

ጥያቄዎች
1. የዘይት ቀለም ከምን ከምን ይሠራል?
2. ሬምብራንት የራሱን ፊት ለመሳል በምን ይጠቀም ነበር?
3. እናንተ ራሳችሁን ብትስሉ በእጃችሁ ምን ትይዛላችሁ? በደብተራችሁ ሁለት መስመር ጻፉ።