ዓመት መቁጠር ብቻውን ልምድ አይሆንም

በንግዱ ዓለም «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» ማለት እንደ ትልቅ ማስረጃ ይቆጠራል። የሥነ ልቦና ጥናት ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ በእነዚያ ዓመታት ነጋዴው የት ላይ እንደሳተ የሚያውቅበት መንገድ ነበረውን?

ትሮውብሪጅና ኬሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ ዓይናቸው ተሸፍኖ የሦስት ኢንች መስመር ደጋግመው እንዲያሰምሩ ተደረገ። አንደኛው ቡድን ምንም አልተነገረውም። ሁለተኛው ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ሰማ። ሦስተኛው «ልክ» ወይም «ስህተት» ተባለ። አራተኛው ግን በምን ያህል እንዳስረዘመ ወይም እንዳሳጠረ በመጠን ተነገረው። ያለ መልስ የደጋገሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች መሻሻል አላሳዩም። ሦስተኛው ተሻሻለ፤ ከሁሉም የላቀው አራተኛው ነበር።

ለገበያም ትምህርት አለው። የጆንያን ክብደት በዓይኑ የሚገምት የእህል ነጋዴ መልሱን ከሚዛኑ ወዲያው ስለሚያገኝ ግምቱን ማረም ይችላል። «ከሦስት ወር በኋላ ዋጋ ይጨምራል» ብሎ የሚያከማቸው ግን መልሱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ያኔ ደግሞ ትርፉን ለብልሃቱ፣ ኪሳራውን ለገበያው መስጠት ይቀናዋል። ትርፍና ኪሳራ ራሳቸው «ልክ» እና «ስህተት» ከማለት ብዙም አይርቁም፤ ጥፋቱ ከዋጋው፣ ከጊዜው ወይስ ከማጓጓዣው እንደሆነ አይለዩም።

መልስ ሁሉ ግን አይጠቅምም። ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ከ600 በላይ የጥናት ውጤቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም፣ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ውጤቶች ላይ ሥራውን ዝቅ አድርጎት ተገኝቷል። እንደ ተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ አስተያየቱ ከሥራው ርቆ ወደ ሰውየው ማንነት ባዘነበለ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ደላላውን «አትረባም» ከማለት ይልቅ፣ «በኩንታል ይህን ያህል ብር አስበልጠህ ገዛህ» የሚለው አሠሪ የተሻለ ውጤት ሊጠብቅ ይችላል።

መፍትሔው ከአንድ ደብተር አያልፍም። ከመግዛት በፊት የሚጠበቀውን የመሸጫ ዋጋ፣ ቀኑንና ምክንያቱን መጻፍ፤ ሲሸጥም እውነተኛውን ዋጋና ወጪ ከጎኑ ማስፈር ነው። ያን ጊዜ ነጋዴው የሳተውን በብርና በቀን ለክቶ ያውቀዋል፤ ለሚቀጥለው ግዢም ከትውስታው ይልቅ ደብተሩን ያማክራል።