የሠራተኛው ፔኒ

ሰው ሁሉ እንደሚሞት ያውቃል፤ የሚሞትበትን ቀን ግን አያውቅም። የሕይወት ኢንሹራንስም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ አንዱ በሞተ ጊዜ ከተዋጣው ለቤተ ሰቡ ይከፈላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ኢንሹራንስ ለድኻ ሠራተኛ እንዴት ይሸጥ እንደ ነበረ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቀድሞ በእንግሊዝ አገር ኢንሹራንስ የሚገባው ገንዘብ ያለው ሰው ነበር። ክፍያው በዛ ያለና በአንድ ጊዜ የሚከፈል ስለ ሆነ፣ በሳምንት ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ አይችለውም ነበር። በ1854 ዓ.ም. ግን ፕሩደንሺያል የተባለው የለንደን ኩባንያ ወኪሎቹን በየሳምንቱ ወደ ሠራተኞች ቤት እየላከ አንዳንድ ፔኒ ይሰበስብ ጀመር። ድኻውም ሳያመነታ ከፈለ፤ በምጽዋት ገንዘብ መቀበር ለቤተ ሰቡ ትልቅ ኀፍረት ነበርና።

ይሁን እንጂ በየቤቱ የሚዞረው ወኪል የሚከፈለው ከዚያችው ፔኒ ስለ ነበረ ኢንሹራንሱ ውድ ሆነ። ሌላም ጉዳት ነበረበት። ለምሳሌ ያህል አንዲት ልብስ አጣቢ በሳምንት አንድ ፔኒ ብትከፍል በዓመት 52፣ በአምስት ዓመት 260 ፔኒ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራ አጥታ ጥቂት ሳምንት ብታቋርጥ ውሉ ይፈርሳል፤ በዚያን ዘመን ብዙ ጊዜ የከፈለችው ሁሉ ይቀርባት ነበር።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስቶን በ1864 ዓ.ም. ሕግ አስወጥተው የመንግሥት ኢንሹራንስ በፖስታ ቤት እንዲሸጥ አደረጉ። ዋስትናው መንግሥት ነበር፤ ነገር ግን በር የሚያንኳኳ ወኪል ስላልነበረው የገዛው ሰው ጥቂት ነው።

በአሜሪካም ብራንዳይስ የተባሉት ጠበቃ ባደረጉት ትግል፣ በ1907 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቍጠባ ባንኮች ያለ ቤት ለቤት ወኪል ኢንሹራንስ እንዲሸጡ ተፈቀደ። ዋጋው ረከሰ፤ ሠራተኛው ግን ራሱ ተነሥቶ መጠየቅ ነበረበት። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው የንግድ ቤት ሠራተኞቹን ሁሉ በአንድ ውል አስገባ። በዚህ ዐይነቱ ውል ክፍያው በአሠሪው በኩል በአንድነት ስለሚገባ የሰብሳቢው ድካምና ወጪ ቀረ። ሆኖም ሥራውን የለቀቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንሱንም ያጣል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ርካሽ የሆነው ሁሉ ለድኻ እንደማይደርሰው፣ የደረሰውም ሁሉ ርካሽ እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ ለመግባት የሚያስብ ሰው «ክፍያው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይመለስ። «መክፈል ባልችልስ ምን ይቀርልኛል?» ብሎም ይጠይቅ።